ጎጆ ያልወጣ ሰው የት ይቀመጣል?

የእድር መተዳደሪያ ደንብ ሲነበብ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በሟቾች ተራ። አባል ሲሞት ይህን ያህል፣ የትዳር ጓደኛ ሲሞት ይህን ያህል፣ ወላጅ ሲሞት ይህን ያህል ይባልና ዝቅ ብሎ «ልጅ» የሚል ቃልና የብር መጠን ይከተላል። ልጁ በሕይወት እያለ ደንቡ አያውቀውም። መዋጮ አይከፍልም፣ ስሙ አይጠራም፣ ድንኳን ተክሎ አግዳሚ ተሸክሞ ቢውልም ያገለገለው በአባቱ ስም ነው። በዚህ እድርን መውቀስ አይቻልም፤ የተቋቋመው ለአባወራና ለእማወራ ነውና ሥራውን ሠርቷል። እዚህ ላይ የማነሣው ስለ ኤች አይ ቪ ነው፤ ከእድር የጀመርኩት ግን ያለ ነገር አይደለም። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው የጎጃም ደጋ፣ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወጣቶች ድጋፍ ፍለጋ ሲወጡ ስለሚገጥማቸው እንቅፋት ሲወራ ሁለት ነገር ይጠቀሳል፦ መገለልና የአቅርቦት ችግር። ሁለቱም እውነት ናቸው። ከሁለቱም የሚቀድም፣ በሽታው አገር ውስጥ ሳይገባ የነበረ ሦስተኛ እንቅፋት ግን ያለ ይመስለኛል፤ የአገሩ መረዳጃ ሁሉ ሰውን የሚቀበለው በቤቱ ስም መሆኑ ነው። ለኤች አይ ቪ የተዘረጋው ድጋፍም ሳይታወቀው ይህንኑ መልክ ወረሰ።

ደጋው መረዳጃ አጥቶ አያውቅም። ለእርሻው ደቦና ወንፈል፣ ለነፍሱ ማኅበርና ሰንበቴ፣ ለሞቱ እድር፣ ለምስጢሩ የንስሐ አባት አለው። በየበሩ የሚጠየቀው ግን አንድ ነው። የወር ማኅበር ሲጠጣ ማየት ይበቃል። በቅዱሱ ቀን ማኅበርተኛው በባለተራው ቤት ይሰበሰባል፤ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ከተቀዳ በኋላ ቄሱ ጸሎት ያደርሳሉ፣ የማኅበሩ መሪ ሙሴው ተረኛውን ይጠራል፣ በጨርቅ የተሸፈነው ጽዋም ለእሱ ይሰጣል። ተረኛው ጽዋውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቤት የሌለው ሰው ጽዋውን የት ያሳድረዋል? በሚቀጥለውስ ወር ያን ሁሉ ሰው የት ያስቀምጠዋል? ማኅበርተኛ ለመሆን ምጣድ፣ ጋንና ጓዳ ያስፈልጋል፤ እነዚህ ያሉት ደግሞ ያገባ ሰው ነው። ወንፈልም ከዚህ አይለይም። የተበደረ ጉልበት የሚመለሰው በማሳ ላይ ነውና ማሳ የሌለው ለማን አበድሮ ከማን ይቀበላል? የንስሐ አባት እንኳ የሚያዘው በቤት ነው፤ የአባትየው ነፍስ አባት የልጆቹም ናቸው፣ ጸበል ሊረጩ ሲመጡም የሚረጩት መላ ቤቱን ነው። «ጎጆ ወጣ» የሚለው አነጋገራችን የሚነግረን ይኸው ነው፤ ሰው ሙሉ ሰው ሆኖ የሚቆጠረው የራሱ ምድጃ ሲኖረው ነው። ድሮ ይህ ጊዜ ፈጥኖ ይመጣ ነበር። መሬቱ እየጠበበ ሲሄድ፣ በተለይም በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከተካሄደው የመሬት ሽግሽግ በኋላ ለአካለ መጠን የደረሰው ትውልድ የሚካፈለው ሲያጣ፣ ጎጆ ያልወጣው ወጣት ቁጥር በዛ፣ ዘመኑም ረዘመ። አንዱ ወደ ሁመራና መተማ ለሰሊጥ ሥራ ወረደ፣ ሌላው ከተማ ገብቶ ተከራየ። መረዳጃዎቹ ግን በራቸውን አላሰፉም።

ኤች አይ ቪ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ከተወሰደ የደም ናሙና ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ታማሚዎች ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በ1978 ዓ.ም. ተመዘገቡ። ከአዲስ አበባ የሚነሣው የጎጃም መንገድ በጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ይሻገራል፣ በደጀን በኩል ይወጣል፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ ወደ ባሕር ዳር ይዘልቃል። የዓባይን በረሃ የጨረሰ ሹፌር ማረፍ፣ መብላትና ማደር አለበት፤ በመንገዱ ዳር ያሉ ከተሞችም በዚሁ ይተዳደሩ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የስርጭቱን መጠን በከተማ 5.5 በመቶ፣ በገጠር 0.7 በመቶ አድርጎ አስቀምጦታል። ከዚያ ጥናት በፊት በነበሩት ዓመታት መልስ ለመስጠት የተሯሯጡት ሁለት ዓይነት ስብስቦች ነበሩ። አንደኞቹ ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው ያቋቋሟቸው ማኅበራት ናቸው፤ መቅድም በ1989፣ ተስፋ ጎህ በ1990 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመሠረቱ፣ አርአያቸውም ወደ ክልል ከተሞች ወረደ። «ማኅበር» የሚለውን ስም ሲይዙ የማኅበርን ልማድም ይዘው ነበር፤ ሊቀ መንበሩ በሙሴው ቦታ ተቀመጠ፣ ቡና ተፈልቶ መረጃ ተለዋወጡ፣ የመጣ ዱቄትና ዘይት ሲከፋፈልም «ስንት ቤተሰብ ታስተዳድራለህ?» ተብሎ ተጠየቀ። በዚያ በጨለማ ዘመን ፊታቸውን ገልጠው አደባባይ የወጡ ሰዎች ያደረጉት ሥራ ቀላል አልነበረም፤ ያንን ለማሳነስ አይደለም። አባላቱ ባል ወይም ሚስት የቀበሩ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ነበሩና ማኅበሩም የእነሱን መልክ ያዘ።

ሁለተኞቹ የትምህርት ቤት ፀረ ኤድስ ክበባት ናቸው። እነዚህ ለወጣቱ ወንበር ሰጥተዋል፤ ግን ለጤነኛው ወጣት። የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ግጥም ይነበባል፣ ጭውውት ይታያል፣ በጭውውቱ መጨረሻ ቫይረሱ ያለበት ሰው ወይ ይሞታል ወይ እያለቀሰ ይመክራል። ተሰልፎ ከሚያየው ተማሪ መካከል ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ቫይረሱ አብሮት ያለ ልጅ ሊኖር እንደሚችል ያሰበ አልነበረም፤ እንዲህ ዓይነት ልጅ እስከ ሰባተኛ ክፍል ይደርሳል ተብሎ አይጠበቅም ነበርና። ነገሩን የለወጠው መድኃኒቱ ነው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1995 ዓ.ም. በክፍያ ተጀመረ፣ ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ መሰጠት ያዘ። ያኔ አምስትና ስምንት ዓመት ሆኗቸው መድኃኒት የጀመሩ ልጆች አደጉ፣ ጺም አወጡ፣ ፈተና ተፈተኑ። ማንም ቦታ ያላዘጋጀለት ትውልድ በሕይወት ደረሰ።

ይህ ትውልድ ሲመጣ አገልግሎቱ እንዴት እንደተቀበለው ወረቀቶቹ ይመሰክራሉ። ለእናቶች የእናቶች መረዳጃ ቡድን ነበር። ለሕፃኑ ሞግዚቱ ወይም አያቱ አለች፤ ካርዱን የምትይዘው፣ ሽሮፑን የምትለካው፣ ቀጠሮውን የምታስታውሰው እሷ ናት። በቀድሞው የሪፖርት ቅጽ ላይ ሰው ከ15 ዓመት በታች ወይም 15ና ከዚያ በላይ ነበር፤ በአንድ የልደት ቀን ከልጅነት ወደ አዋቂ ዓምድ ይዘል ነበር። የምርመራ መመሪያው ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ይገልጻል። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው በራሱ ፈቃድ መመርመር ይችላል፤ ከ13 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ግን ያገባ፣ ያረገዘች፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ወይም ጎዳና ላይ የሚኖር ካልሆነ የወላጅ ፈቃድ ይሻል። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች በቅንነትና በጥበብ ነው የጻፉት፤ ያለ ዕድሜዋ የተዳረችውን ልጅ ሜዳ ላይ ላለመተው አስበው ነው። ሆኖም ዞረን ብናየው እዚያው ጎጆ ላይ ይመልሰናል፦ የ13 ዓመቷ ሙሽራ ትልቅ ሰው ናት፣ የ14 ዓመቱ ተማሪ የአባቱ ልጅ ነው። በገጠር ጤና ኬላም የሚያዘው መዝገብ የቤተሰብ ማህደር ይባላል፤ አንድ ቤት አንድ ማህደር፣ የቤተሰቡ ካርዶች ሁሉ በዚያው ውስጥ። ደቡብ አቸፈርን ጨምሮ በጥቂት ወረዳዎች ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የተሞከረውና በኋላ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም አባል የሚያደርገው ቤተሰብን ነው። መድኃኒቱ በነጻ ቢሆንም ሳንባው የታመመ ወጣት ለሌላው ሕክምና የአባቱን የመድን ደብተር መጠየቅ አለበት፤ «ለምን ፈለግኸው?» የሚል ጥያቄም ይከተላል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ደጋው ብቸኛውን ወጣት ጨርሶ የማያውቅ ሊያስመስል ይችላል። ያውቃል። እንዲያውም ጎጃም ከማንም አገር ይልቅ የምትኮራበት ተቋም የቆመው በእንዲህ ዓይነት ወጣት ላይ ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ ቅኔ ሊማር የሚሄደው ልጅ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ጠፍቶ የወጣ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ በየደጁ በእመቤታችን ስም ቁራሽ ይለምናል። ባለቤቷ የማን ልጅ እንደሆነ ሳትጠይቅ ትሰጠዋለች፤ ተማሪ መሆኑ ይበቃታል። የኔታ ደጃፍ ሲደርስ ከወላጁ ደብዳቤ አይፈለግበትም። ስሙን እንኳ ሊለውጥ ይችላል። ከጓደኞቹ ጋር ትንሽ ጎጆ ይቀልሳል፤ ይህቺ ጎጆ ከትዳር ጎጆ የምትለየው ሚስትም ማሳም ስለማትፈልግ ነው። ትምህርቱም ቢሆን በየኔታ ብቻ አይሄድም፤ የገፋው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽላል፣ ያስነግራል፣ ሲያጠፋ ይገሥጸዋል፣ ሲታመም ቁራሽ ለምኖ ያበላዋል። ዛሬ በኤች አይ ቪ ሥራ ውስጥ የአቻ ለአቻ ድጋፍ የሚባለው ነገር በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ያለፈበት ለሚያልፍበት። በዚምባብዌ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው «ዝቫንዲሪ» የተባለ ሥራ፣ ትርጉሙም «እንደሆንኩት» ማለት ነው፣ ከ18 እስከ 24 ዓመት ያሉና ራሳቸው ቫይረሱ ያለባቸው ወጣቶች ታናናሾቻቸውን ቤት ለቤት እንዲከታተሉ ያደርጋል። በገጠር ወረዳዎች በተካሄደ ጥናት ሲመዘን፣ የተለመደውን አገልግሎት ብቻ ካገኙት ወጣቶች መድኃኒቱ ያልሠራላቸው ወይም የሞቱት 36 በመቶ ሲሆኑ፣ የአቻ ድጋፍ ካገኙት መካከል ግን 25 በመቶ ነበሩ። ጎጃሜ ይህን ሲሰማ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም።

የአብነት ትምህርት ቤቱን አሳምሬ ሥያለሁ የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ረሃቡ፣ እከኩ፣ ቅማሉ የሚታወቅ ነው፤ ስንቱ ልጅ በየመንደሩ አጥር ሥር እንደወደቀ የቆጠረው የለም። ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው፦ በሩ የወንድ ልጅ በር ነበር። የጎጃም ሴት ልጅ ከቤት የምትወጣው ወደ ባሏ ቤት ነው። በጽላሎ ቅኔ ያስተማሩት ስመ ጥሩ ዓይነ ስውር መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ እንኳ ትምህርቱን ያገኙት ከመምህር አባታቸው ነው፤ አኩፋዳ አንግተው አገር ለአገር በመዞር አይደለም። ልዩ የሆኑት ሴትም በቤት በር ነው የገቡት። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ25 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች መካከለኛ የጋብቻ ዕድሜ 14.7 ዓመት ነበር። ትዳሩ ሲፈርስ ልጅቷ ወደ ወላጆቿ ቤት ብትመለስም እንደ ቀድሞዋ ልጅ አትቆጠርም፣ የራሷም ጎጆ የላትም። ከተማ ወርዳ የሰው ቤት ትቀጠራለች፣ ወይም ጠላ ቤት። ቫይረሱ ከሚያገኛቸው ሁሉ ይበልጥ የትም ያልተጻፈችው እሷ ናት። ስለዚህ በ1996 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ ላይ የተጀመረው «ብርሃነ ሄዋን» የተባለ የልጃገረዶች ፕሮግራም ጋብቻን ከማዘግየቱ ባሻገር ሊታይ ይገባዋል። ልጃገረዶች በራሳቸው ስም የሚሰበሰቡበት ቡድን፣ የምትመራቸው ሴት፣ ሲጨርሱም ቤተሰቡን የምትክስ በግ ነበሩት። በተደረገው ግምገማ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልደረሰባቸው እኩዮቻቸው በሦስት እጥፍ በልጦ፣ የመዳራቸው ዕድልም እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በጓ ያለ ምክንያት አልተመረጠችም። ቤቱን ሳያስፈቅዱ ልጅቷን ማግኘት እንደማይቻል የገባው ሰው ነው ያሰባት።

ከሁሉ የሚበረታው ተቃውሞ፣ ችግሩ መገለል እንጂ የመዋቅር አይደለም፤ ሰው ቢማር በሩ ሁሉ ይከፈታል የሚለው ነው። እኔ ግን መገለሉ ራሱ የሚሠራው በቤት በኩል ነው እላለሁ። ጎጃም ውስጥ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ የሚጠይቀው ዘሩን ነው፤ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ ሥጋ ደዌ አለ ወይ፣ ሌላ ነገር አለ ወይ ይባላል። ስለዚህ የአንድ ልጅ ምርመራ ውጤት የእሱ ብቻ አይደለም፤ የእህቱ ጋብቻ፣ የአባቱ ስም፣ የእናቱ የማኅበር ወንበር አብሮ አለበት። ወላጅ «ለማንም እንዳትናገር» ሲል ክፋት ብቻ አያናግረውም፤ የሚጠብቀው ቤት አለው። ከዚህ የተነሣ ቤተሰቡን ማስተማር ብቻውን አይበቃም፤ ቤቱ ቢማርም ሽማግሌው መጠየቁን አይተውም። ልጁ የቤቱን ስም ሳይነካ የራሱን ጉዳይ የሚናገርበት ሌላ ቦታ ያስፈልገዋል። በ952 ይደወልበት የነበረው «ወገን» የስልክ መስመር ወጣቶችን የሳበው ለዚህ ይመስለኛል፤ የሚደውለው ሰው ድምፅ ብቻ ነበር፣ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅበት አልነበረም። የጸበሉ ቦታም በከፊል እንዲሁ ነው። ሰከላ ግሽ ዓባይ ወይም ሌላ ጸበል የሄደ ሰው ከቤቱ ተለይቶ በራሱ ሕመም ይታወቃል። መድኃኒት ያስጥላል ተብሎ የተፈራው ተገቢ ፍርሃት ነበር፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ በግልጽ በመናገራቸው ብዙ ሰው ከጭንቅ ወጥቷል፤ ነገሩ ግን ዛሬም በየቦታው እኩል የተፈታ አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ የቁጥር ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት የገጠሩ ስርጭት 0.4 በመቶ ብቻ ነበር፤ ለዚህ ለጥቂት ሰው የተለየ የወጣት አገልግሎት ማደራጀት ቅንጦት አይሆንም ወይ? ጥቂት መሆናቸው ግን ብቸኝነቱን ያባብሰዋል። ሺህ ሰው ባለበት ከተማ ክሊኒክ መግቢያ ላይ እኩያ ይገኛል፤ ሦስት ወይም አራት ወጣት ብቻ ባለበት ወረዳ እያንዳንዱ ብቻውን ያለ ይመስለዋል። የሚያስፈልገውም ሕንፃ አይደለም። የደብረ ማርቆስን የኪራይ ክፍል ብንመለከት ይገባናል። ከገጠር መጥተው ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ አራት ልጆች አንድ ጠባብ ክፍል ይከራያሉ፤ ሽሮው፣ በርበሬውና የሳምንቱ እንጀራ ከቤት ይመጣል፣ ፍራሹ ጎን ለጎን ይነጠፋል። ከአራቱ አንዱ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ቢኖረው የፕላስቲኩ ብልቃጥ ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ስለዚህ ክኒኑን አውጥቶ በላስቲክ ይቋጥራል፣ ብልቃጡን ርቆ ይጥላል፣ ላስቲኩን ከሽሮው ሥር ይቀብራል። ቀድሞ ማታ የሚዋጠው መድኃኒት ራስ ስለሚያዞር ጓደኞቹ ሰከረ ይሉት ነበር፤ አዲሱ በዚህ ይሻላል፣ መደበቁ ግን ያው ነው። ይህ ልጅ የዘመናችን የቆሎ ተማሪ ነው። በከተማው ቀበሌ የአባወራ መዝገብ ላይ የለም፣ በአባቱ ቤትም በሳምንት አንዴ ቢገኝ ነው። የሚጎድለው ነገር ቢኖር የኔታና አስነጋሪ ነው።

ለዚያ አስነጋሪ ማን ይከፍለዋል? እዚህ ላይ የድሮው ተቋም ከዛሬው ይበልጣል። የአብነት ተማሪው የሚኖረው በመንደሩ ቁራሽ ነበር፤ አንዱ ቤት ቢነፍገው ሌላው ይሰጠዋል። የዛሬው የአቻ ድጋፍ ሰጪ፣ የመድኃኒት ቁርኝት አማካሪና ጉዳይ ተከታታይ ብዙውን ጊዜ የሚቀጠረው በውጭ ፕሮጀክት ገንዘብ ነው። ጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ ኢትዮጵያ ውስጥ በዚሁ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። ጎጃም ላይ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ያለው ጦርነት መንገዱንም ጉዞውንም አክብዶት ነበር። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የጤናቸው ሁኔታ ለተስተካከለ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መሰጠቱ በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ትልቅ ማምለጫ ነው፤ ክኒኑ ደረሰ ማለት ግን የሚያነጋግረው ሰው ደረሰ ማለት አይደለም። የስድስት ወር ክኒን በሽሮ ሥር መደበቅም የአንድ ወሩን ከመደበቅ ይከብዳል።

መረዳጃዎቹ መለወጥ አይችሉም እንዳይባል በዚሁ በሽታ ምክንያት ተለውጠው ያውቃሉ። ሞት በበዛባቸው በ1990ዎቹ የቀብር ወጪ ካዝናቸውን ሲያራቁት፣ አንዳንድ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ከሞተ በኋላ ከሚከፈለው ላይ ለታመመ አባል በሕይወቱ መስጠት ጀመሩ። ያ ለእድር ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ስሙ የሚጠራው በሞት ነበርና። አሁን የሚያስፈልገው ሁለተኛው ለውጥ ከዚያ ያነሰ ነው፤ «ልጅ» የሚለው ቃል ከሟቾች ተራ ወጥቶ ከአባላት ተራ እንዲጻፍ፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ምድጃ ባይኖረውም በግማሽ መዋጮ በራሱ ስም እንዲገባ ነው። ከዚያም የሚቀል አለ፤ የተማሪዎቹን የክትትል ቀጠሮ ወደ ቅዳሜ ማዛወር። ክትትል ያለበት ተማሪ ቀጠሮው በሥራ ቀን ስለሆነ ከክፍል ሲቀር መምህሩ ምክንያት ይጠይቀዋል፣ አብረውት የተከራዩት ሦስቱ ጓደኞቹም የት እንደዋለ ይጠይቁታል። ቅዳሜ ትምህርት የለም። ቅዳሜ ስንቅ የሚቀበልበት ቀን ስለሆነ ከኪራይ ክፍሉ ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቀው የለም።